«ዶክተር፣ ከጀርባህ ያለችው ዛፍ ቀንጭራ ነው እንዴ?»

 

ባለፈው ስለ ደም ግፊት ቪዲዮ ለቅቄ ነበር። ጨው ቀንሱ፣ መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ደህና ነኝ ብላችሁም ቢሆን ተለኩ እያልኩ አሥር ደቂቃ ሙሉ ለፈለፍኩ። ኮሜንቱን ስከፍት ግማሹ ሰው የሚጠይቀው ስለ ግፊት አይደለም፤ ከጀርባዬ መስኮቱ ላይ ስለተቀመጠችው ትንሽዬ ዛፍ ነው። «ፕላስቲክ ናት?» «ምን መድኃኒት ሰጥተሃት ነው ሳታድግ የቀረችው?» «ስንት ትሸጣታለህ?» ከመርሳ አንዲት እህታችን ደግሞ «ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ እያስተማርክ አንተ ዛፍ ታቀነጭራለህ እንዴ?» ብላ ጻፈች። ስቄ ስጨርስ ሳስበው ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ ግፊቱን ትተን ስለ ዛፏ እናውራ። አትጨነቁ፣ ጤናም አለበት።

ይሄ አተካከል ቦንሳይ ይባላል። ቃሉ የጃፓንኛ ነው፤ በዝርግ ሳህን ውስጥ የተተከለ እንደማለት ነው። ጥበቡ መጀመሪያ የተነሳው ከቻይና ነው፤ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጃፓኖች ከዚያ ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቦንሳይ የሚባል የዛፍ ዘር የለም፣ ድንክ ዝርያም አይደለም፣ እድገት የሚያቆም መድኃኒትም የለውም። የእኔዋ ተራ ወይራ ናት። አያቶቻችን ለመፋቂያ የሚቆርጧት፣ እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑባት ያቺው ወይራ። ነገ ከሳህኗ አውጥቼ መሬት ላይ ብተክላት እንደ ማንኛውም ወይራ ታድጋለች።

ታዲያ ቀንጭራ ነው? አይደለም። መቀንጨር ማለት አንድ ልጅ ለዕድሜው ሊኖረው ከሚገባው ቁመት በታች ሲሆን ነው። የሚመጣውም ከማህፀን ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ከሚደርስ የምግብ እጥረትና ከተደጋጋሚ ሕመም ነው። ክፋቱ ቁመት ላይ ብቻ አይቆምም፣ የአእምሮ እድገትንም ይነካል፤ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ደግሞ መመለሱ በጣም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆቻችን 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። በጎረቤታችን በሰቆጣ ስም የተጠራው ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. የተገባው ለዚሁ ነው።

ቦንሳይ ግን የተራበ ዛፍ አይደለም። ቢራብማ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረግፎ ያልቅ ነበር። ቁመቱን የሚይዘው መቀስ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ ዛፉ ጉልበቱን ወደ ጎን ቅርንጫፎች ያዞረዋል፤ እነሱም ሲቆረጡ ይበልጥ ይበዛሉ፣ ቅጠሉም እያነሰ ይመጣል። ሥሩ ደግሞ በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ስለሚከረከም አዳዲስ ቀጫጭን ሥሮች ያወጣል። እንዲያውም ከደጅ ዛፍ የበለጠ እንክብካቤ የሚፈልገው እሱ ነው። የደጅ ዛፍ ውሃ ሲጠማው ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። የሳህን ዛፍ የት ይሂድ? ያለው እናንተ ብቻ ናችሁ።

እኔ እንዴት እንደገደልኳት

የመጀመሪያዋን ዛፌን የገደልኳት ኢንተርን እያለሁ ነው። እሷም ወይራ ነበረች። መኝታ ክፍሌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ሁለት ቀን ዱቲ ላይ ሰንብቼ ስመለስ በጸጸት ውሃ እደፋባት ነበር። ቅጠሏ ሲረግፍ «ጠምቷታል» ብዬ ጨመርኩላት። ሲብስባት አሁንም ጨመርኩላት። በመጨረሻ ስነቅላት ሥሯ ጠቁሮ፣ ላልቶ፣ ይሸታል። ሥር ውሃ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ አየርም ይተነፍሳል። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ልክ የተጠማ ይመስላል። አያችሁ ወጥመዱን?

ሁለተኛው ጥፋቴ ቤት ውስጥ ማስቀመጤ ነው። ቦንሳይ ዛፍ ነው እንጂ የሳሎን ጌጥ አይደለም። ወይራ ቢያንስ የግማሽ ቀን ፀሐይ ትፈልጋለች። በቪዲዮው ላይ መስኮት ላይ ያያችኋት ለቀረጻው ብዬ ለአንድ ሰዓት አስገብቻት ነው፤ ኑሮዋ ውጭ ነው። እንግዳ ሲመጣ አስገብታችሁ አሳዩ፣ ከዚያ መልሷት።

በምን ልጀምር?

ኢንተርኔት ላይ የጃፓን ጥድ አይታችሁ ዘር የምታፈላልጉ ሰዎች፣ ተዉት። እዚሁ ያለው ይበልጣል። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ጭብሃን ነው። ከዋርካና ከሾላ ጋር አንድ ወገን ነው፤ በዓለም ላይ አብዛኛው ጀማሪ የሚለማመደውም በእነዚህ ዘመዶቹ ነው፣ ምክንያቱም ስህተት ይችላሉ። ክረምት ሲገባ የጣት ውፍረት ያለው አንድ ስንዝር ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ፣ የሚወጣው ነጭ ወተት እስኪደርቅ ለጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ አቆይታችሁ ትተክላላችሁ። በሳምንታት ውስጥ ሥር ይይዛል።

ወይራ ሁለተኛ ምርጫዬ ናት። ግንዷ ቶሎ የሽማግሌ መልክ ይይዛል፣ ቅጠሏም ከተፈጥሮዋ ትንሽ ነው። በዘር ለማብቀል ግን አትድከሙ፤ ፍሬዋ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ዕድል ካልቀናችሁ ወራት ትጠብቃላችሁ። ከችግኝ ጣቢያ በፕላስቲክ ያለችውን መግዛት ይቀላል። የአረንጓዴ አሻራ ተከላ ካለፈ በኋላ በየጥጋጥጉ ተጥላ የምትቀር ችግኝም አትጠፋም፤ እሷን አንስቶ ማሳደግ ጽድቅም አለው። ከቤተ ክርስቲያን ደንና ከተከለለ ተራራ ላይ ግን ነቅላችሁ እንዳታመጡ! በአካባቢያችን የቀረችው ወይራ እዚያው ናት።

ክትክታም ይሆናል፤ ደረቅ ጊዜን ይችላል። ሎሚ ደስ ይላል፣ ግን ፍሬው እንደዛፉ አያንስም፤ ትንሽዬ ዛፍ ላይ ትልቅ ሎሚ ተንጠልጥሎ ማየት ያስቃል። የጥብስ ቅጠልም ግንዱ ወፈር ሲል ቆንጆ ቦንሳይ ይወጣዋል፣ ከተከረከመው ጥብስ ይሠራል። ቅንጭብን ግን ለአጥር ተዉት፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

አሁን ብዙ ጀማሪ የሚቸኩልበት ነገር አለ። ችግኙን እንዳገኘ ወዲያው ትንሽ ሳህን ውስጥ ይከተዋል። ያን ጊዜ ዛፉ ለዓመታት የክብሪት እንጨት መስሎ ይቀራል። ግንድ የሚወፍረው ሥሩ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት በትልቅ ዕቃ ወይም መሬት ላይ ይደግ፤ ሳህኑ በኋላ ይመጣል። ለዚህ ቢጫዋን የዘይት ጀሪካን በወገቧ ቆርጣችሁ፣ ከሥር አምስት ስድስት ቦታ ብትበሷት ከምንም በላይ ትሠራለች። ቀዳዳው ላይ አፈር እንዳይወርድ የመስኮት ወንፊት ቁራጭ አድርጉበት። አጎበር እንዳትቆርጡ! ኮሜንት ላይ እንዳላየው።

የጓሯችሁ አፈር ጥቁር ዋልካ ከሆነ ብቻውን አይሆንም። ሲረጥብ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱም ሥርን ይገድላል። እኔ የምጠቀመው ሁለት እጅ የተከሰከሰ ጡብ ወይም የሸክላ ስባሪ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው። የጡቡ መጠን ከስንዴ እስከ ሽምብራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዱቄቱን ነፍታችሁ ጣሉት። የእናታችሁን የዱቄት ወንፊት ግን አትንኩ። ዩሪያ በጭብጥ መጨመርም ይቅር፤ በትንሽ ሳህን ውስጥ ሥር ያቃጥላል።

ውሃው ላይ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ በቀን መቁጠሪያ አታጠጡ፣ በጣት አጠጡ። ጣታችሁን ሁለት ሳንቲሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ደረቅ ማለት ሲጀምር ከሥር በቀዳዳው እስኪወርድ ድረስ አጠጡ፤ ላዩን ብቻ ማርጠብ ዋጋ የለውም። ወልድያ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በበጋ በቀን አንዴ ብዙ ጊዜ ይበቃል። መርሳና ወደ ታች ያላችሁ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ጠዋት ያጠጣችሁት ማታ ደርቆ ልታገኙት ትችላላችሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ራሱ ያጠጣል፣ እናንተ ቀዳዳው እንዳይደፈን ብቻ ተጠባበቁ።

ቅርጽ ለማስያዝ ሽቦ ቅርንጫፉ ላይ በሰያፍ ትጠመጥማላችሁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ታጎብጣላችሁ። ከአሮጌ የመብራት ገመድ የወጣ ሽቦ ይሠራል። በየሳምንቱ እዩት፤ ቅርፊቱን መንከስ ሲጀምር አውጡት፣ ካልሆነ ጠባሳው ዕድሜ ልክ ይኖራል። ሥር መከርከምና አፈር መቀየር ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ይመቻል። በአንድ ጊዜ ከሥሩ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ፣ ከዚያም ለሁለት ሳምንት ጥላ ስጡት።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከሥሩ የሚቀመጠው ዝርግ ሳህን ነው። ውሃ እንዳይፈስ ተብሎ ይቀመጣል፣ ውሃው እዚያው ይሰነብታል፣ ትንኝ ትፈለፈልበታለች። ድሮ የምናውቃት የወባ ትንኝ በብዛት የምትራባው ረግረግ፣ ቦይና ዝናብ የቋጠረው ጉድጓድ ላይ ነበር። አሁን ግን አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ሌላ የወባ ትንኝ ሀገራችን ገብታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የተገኘችው በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ነው፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያቷ እሷ እንደሆነች ታውቋል። ከሌሎቹ የምትለየው ከተማ ትወዳለች። በርሜል፣ ታንከር፣ ባልዲ፣ ሰው ያጠራቀመው ንጹህ ውሃ ይመቻታል። የደንጌ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ የአበባ መትከያ ሥር ያለ ውሃ ከምትወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃል። ስለዚህ በተለይ የመርሳና የሀብሩ ቆላ ነዋሪዎች፦ ከሥሩ ሳህን አታድርጉ፤ የግድ ካስፈለገ አሸዋ ሙሉበት። ይሄ ካልሆነ በሳምንት ሁለቴ ደፍታችሁ ውስጡን ፈትጉት፣ ምክንያቱም እንቁላሉ ከዕቃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ለአንድ ዛፍ ብላችሁ ቤተሰብ እንዳታስታምሙ።

ቅንጭብን ያልኳችሁ በወተቱ ምክንያት ነው። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ኃይለኛ ሕመምና ጉዳት ያመጣል፣ ማየትም ሊያስቸግር ይችላል። የጭብሃው ወተት ያን ያህል ባይሆንም ቆዳ ያሳክካል፤ የጎማ ጓንት ሲያደርግ የሚያሳክከው ሰው ይጠንቀቅ። ስትከረክሙ ዓይናችሁን በእጃችሁ አትሹ። ከገባ ወዲያው በሚፈስ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ኑ። የእናት ጡት ወተት፣ ቅቤ፣ ምራቅ… እባካችሁ፣ ምንም አትጨምሩ።

ሦስተኛው መንጋጋ ቆልፍ ነው። ጀርሙ አፈርና ፍግ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ በሽቦ የተጫረ ትንሽ ቁስል ይበቃዋል። እናቶች በእርግዝና ክትትል ላይ ክትባቱን ያገኛሉ፤ ብዙ ወንዶች ግን ከልጅነት በኋላ አልወሰዱም። ከተወጋችሁ በውሃና ሳሙና በደንብ እጠቡና የክትባት ታሪካችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ጓንት አድርጉ፣ በባዶ እግር ጓሮ አትግቡ። እጅና እግር ሲደነዝዝ ቁስሉን የምታዩት ከመገለ በኋላ ነው።

ጋሼ

«ይሄ ነገር ለጭንቀት ይጠቅማል?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ሰላሳ ሰዎችን መጀመሪያ የሚያስጨንቅ ሥራ አሠሯቸው፤ ከዚያ ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ አትክልት ሲንከባከቡ ግማሾቹ ቤት ውስጥ አነበቡ። የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ቡድን ወረደ፣ አትክልት የነኩት ላይ ግን ይበልጥ ወረደ። ሰላሳ ሰው ትንሽ ነው፤ «ዛፍ ጭንቀት ያድናል» ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ።

ይልቅ አንድ ታካሚዬን ላንሳ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ግፊትም ስኳርም አለባቸው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈናቀሉበት ሲመለሱ ጓሯቸው የነበረው የጣሳ አትክልት ሁሉ ደርቆ ነው ያገኙት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ አላቸው፣ መድኃኒቱንም አንድ ቀን ይውጣሉ ሦስት ቀን ይረሳሉ። በመጡ ቁጥር ግፊታቸው ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እሳቸው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ብለው ይሄዳሉ። ለእንቅልፉ ወደ አእምሮ ጤና ክትትል ላክኋቸው፤ እሱ ነው ዋናው። በጎን አንዲት የጭብሃ ቁራጭ በጀሪካን ሰጠኋቸው፣ እውነት ለመናገር ብዙም ሳላስብበት።

በሦስተኛው ወር ሲመጡ ግፊታቸው ወርዷል። ዛፏ አወረደችው ለማለት አልደፍርም፤ ያወረደው መድኃኒቱ ነው። ምን አድርገው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ክኒኑን የማጠጫው ጣሳ አጠገብ ሰቀልኩት» አሉኝ። ሁልጊዜ ጠዋት ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ይከታሉ፣ ያጠጣሉ፣ ክኒኑን ይውጣሉ። በቃ። እኔ ሁለት ዓመት ተቆጥቼ ያላመጣሁትን ጀሪካኗ አመጣችው። አሁን ለሌሎች ታካሚዎቼም እሱኑ እላለሁ፦ መድኃኒታችሁን በየቀኑ ከማትረሱት ነገር አጠገብ አድርጉት። ቡና ከሆነ ቡናው አጠገብ። ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ብቻ ይሁን።

የዚያን ቀን «ይሄ ነገር ስንት ዓመት ይኖራል?» አሉኝ። አሜሪካ ዋሽንግተን ውስጥ ስላለችው አንዲት ጥድ ነገርኳቸው። ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳህን ስትኖር የቆየች ናት። ያማኪ የሚባል የጃፓን ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ አሳደጋት። በ1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ከቦታው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በአጥር ተከልላ ነበረች፣ ተረፈች። በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ተሰጠች፤ ቦምቡን ያለፈች መሆኗ እዚያ በሰፊው የታወቀው ግን በ2001 የቤተሰቡ የልጅ ልጆች ሊጎበኟት ሲመጡ ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ በዚያ ሁሉ መዓት ውስጥ ውሃ ማን ያጠጣት ነበር?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉና የቀጠሮ ካርዳቸውን ጠየቁኝ።

እንቅልፍ ያጣችሁ፣ ያ ጊዜ በሕልምም በውንም እየተመለሰ የሚያስቸግራችሁ፣ ሳምንታት ካለፉት ወደ ጤና ተቋም ኑ። ይሄ የሚታከም ነገር ነው፤ የወልድያ ሰው ብቻውን ሊችለው አይገባም።

«ስንት ትሸጣታለህ?» ላላችሁት፦ አልሸጣትም። ግን በየሰኔው ከጭብሃዬ የምከረክመውን ቅርንጫፍ ለሚፈልግ በነጻ እሰጣለሁ። ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ ከሥሩ የተበሳ ይሁን። ግፊታችሁንም ለክተን እንሸኛችኋለን።